ቅድሚያ፣ ቀብድ፣ መያዣ፦ የአንድ ገንዘብ ሦስት ስሞች

ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁ እዚያው ጀምሯት፣ ከአቃቂ ሳሪስ እስክትደርሱ ታልቃለች።

ክረምት ሲቃረብ የውስጥ መስመሬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ቲቸር፣ ቤት ልለቅ ነው። ስገባ የሦስት ወር ከፍዬ ነበር። አሁን ስጠይቃቸው አይመለስም አሉኝ። ምን ላድርግ?» ከቱሉ ዲምቱ ይጠይቁኛል፣ ከቂሊንጦ ይጠይቁኛል፣ እዚሁ ከአቃቂ ገበያው አካባቢም ይጠይቁኛል። የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ይሄ ጥያቄ ከሕግነቱ በፊት የታሪክ ጥያቄ ነው ብዬ ስለማምን ዛሬ እንደ ክፍለ ጊዜዬ ልውሰደው።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያም እናውራ። ወር በወር 5,000 ብር የሚከፍል ሰው እንበል። የሦስት ወር 15,000 ብር ነው። ይህን ብር አብዛኛው ሰው ከደመወዙ ቆጥቦ አላመጣውም። ዕቁብ ወጥቶለት ነው፣ ወይ ከወንድሙ ተበድሮ ነው፣ ወይ እናቱ ጥጃ ሸጠው ልከውለት ነው። ቤት ሲቀይር አዲሱ አከራይ ደግሞ የሱን ቅድሚያ ይጠይቃል። የድሮው ካልተመለሰ አዲሱ አይከፈልም። ስለዚህ ሰውዬው ግድግዳው የሚያፈስ፣ ውኃ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ መውጫው ብር እዚያው ቤት ውስጥ ታስሯልና። ደመወዝተኛ የሆነ ሁሉ ይህቺን ያውቃታል።

ጥያቄው ሲመጣልኝ እኔ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ስትከፍል ምን ተብሎ ነው የከፈልከው?» መልሱ ሁሌም ይገርመኛል። አንዱ «ቅድሚያ» ይላል። አንዱ «ዲፖዚት»። አንዷ «መያዣ ብለውኝ ነው» ትላለች። «ቀብድ» የሚልም አለ። አንዳንዱ ደግሞ በአንድ የስልክ ወሬ ውስጥ አራቱንም ይጠራቸዋል። ውሉን ላክልኝ ስለው ውሉ ላይ የተጻፈው «ብር 15,000 ተቀብያለሁ» የሚል ብቻ ሆኖ ይገኛል። ለምን እንደተቀበሉ የለም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስማቸው የተለያየ ብቻ ሳይሆን ታሪካቸውም የተለያየ ሦስት ነገሮችን አንድ ፖስታ ውስጥ ከተን እንከፍላለን። ሊከፈል ሲል አከራዩ ለራሱ የሚመቸውን ስም ያወጣል።

እስቲ ከሩቁ እንጀምር።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ላይ የይሁዳና የትዕማር ታሪክ አለ። ይሁዳ ጠቦት ልላክልሽ ብሎ ቃል ይገባል፣ እሷም እስክትልክ ድረስ መያዣ ስጠኝ ትለዋለች፣ እሱም በእጁ የነበረውን በትር ጨምሮ ሌላ ዕቃ ያስይዛል። ቀጥሎ የሆነውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ሁሌም ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ነው። ይሁዳ የገባውን ቃል ይዞ መያዣውን ሊያስመልስ ሰው ይልካል፣ የተላከውም ሴትየዋን አጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። መያዣ ለማስመለስ ሄዶ ሰው ማጣት እንግዲህ ያን ያህል የቆየ ነው። ዛሬ ስልኩን የሚዘጋውን አከራይ አስቡት።

እዚያ ታሪክ ውስጥ ዕብራይስጡ ለመያዣ የሚጠቀመው ቃል «ዔራቦን» ነው። ቃሉ ወደ ግሪክ ሲሻገር «አራቦን» ሆነ፣ ወደ ላቲን ገብቶ «አራ» ሆነ፣ በዐረብኛ «ዐርቡን» ነው፣ በእኛ በግዕዙ ደግሞ «ዐረቦን»። ኢንሹራንስ ያላችሁ ሰዎች፣ በየዓመቱ የምትከፍሉት «አረቦን» ይኸው ቃል ነው፤ በጊዜ ብዛት ትርጉሙ ተንሸራቶ የመድን ክፍያ ሆነ እንጂ ሥሩ መያዣ ነው። ፈረንሳዮቹም ከላቲኑ ወስደው «አር» አሉት። ይቺን የፈረንሳይኛ ቃል ያዟት፣ ትመለስልናለች።

በእኛም አገር ፍትሐ ነገሥቱ ስለ መያዣ፣ ስለ አደራና ስለ ኪራይ በየራሳቸው ቦታ ለይቶ ይናገራል። አደራ ማለት ዕቃህን እንዲጠብቅልህ ለሌላ ሰው መስጠት ነው። መያዣ ማለት ዕዳህን እስክትከፍል ዕቃህን ማስያዝ ነው። ኪራይ ማለት ስለተጠቀምክበት መክፈል ነው። ሊቃውንቱ አላደባለቋቸውም። ያደባለቅናቸው እኛ ነን፣ ያውም በቅርቡ።

ገጠር ያደጋችሁ ደግሞ ወለድ አገድን ታውቃላችሁ። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ከሌላው ይበደርና መሬቱን ያስይዛል። አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ይበላል፣ ያ በወለድ ፈንታ ይቆጠርለታል። ተበዳሪው ዋናውን የመለሰ ቀን መሬቱን ይረከባል። ይህ ልማድ በአማራ አካባቢም በሌላውም ዛሬም አለ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በዚሁ ስሙ ጠርቶት ቦታ ሰጥቶታል። ወለድ አገድ ላይ ልብ በሉ፤ ገንዘብ የሰጠው ሰው ንብረቱን በእጁ ይዟል። ብሩ ካልተመለሰለት አይለቅም፣ በቃ። በከተማ ኪራይ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ገንዘቡን የሰጠው ተከራይ፣ ቤቱን የሚያስረክብም ተከራይ። ቁልፉን የሰጠ ቀን በእጁ ምንም አይቀርም።

(ደቡብ ኮሪያ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ «ጆንሴ» የምትሉት ነገር የወለድ አገድ የአጎት ልጅ ይመስለኛል። ተከራዩ ከቤቱ ዋጋ ከግማሽ የሚበልጥ ገንዘብ አስይዞ ሁለት ዓመት ያለ ወርኃዊ ኪራይ ይኖራል፣ ሲወጣ ሙሉው ይመለስለታል ነው ነገሩ። የማይመለስበት ቀን ሲመጣ ደግሞ አገር ነው የሚናጋው። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ብዙ ወጣቶች በማጭበርበር ገንዘባቸውን አጥተው መንግሥታቸው የተለየ ሕግ እስከማውጣት ደርሷል። ሰፊ ርዕስ ነው፣ ይቆየን።)

አሁን ወደ 1952 እንምጣ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ወጥቶ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ዋለ። ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው፣ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ተጽፎ ነው ወደ አማርኛ የተመለሰው። እና ያቺ «አር» የምትባለዋ የፈረንሳይኛ ቃል በሕጉ ውስጥ ስትመጣ ተርጓሚዎቹ «ዐረቦን» አላሏትም፤ ገበያው የሚያውቀውን ቃል መረጡ፦ «ቀብድ»። ከዔራቦን የተነሣው ቃል ዓለምን ዞሮ አዲስ አበባ ሲገባ ሌላ ልብስ ለብሶ ገባ ማለት ነው።

ስለ ቀብድ የሚናገሩት አንቀጾች ከ1883 እስከ 1885 ያሉት ሦስቱ ናቸው፣ አጫጭር ናቸው፣ እባካችሁ አንብቧቸው። የመጀመሪያው ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያስረዳል ይላል። ሁለተኛው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ውሉ ሲፈጸም የተቀበለው ሰው ቀብዱን ይመልሳል ወይም ከሚከፈለው ላይ ያስበዋል ይላል። ሦስተኛው፣ እሱም ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይከፍላል። የፈረንሳዩም ሕግ ተመሳሳይ ነገር ይላል።

እንግዲህ «ቀብድ ስለሆነ አይመለስም» የሚል አከራይ ሲገጥማችሁ የሚጠቅሰው ይሄን ሦስተኛውን ግማሹን ነው። የሱን ግማሽ። ያ ደንብ ቤቱን እከራያለሁ ብሎ ቀብድ ከፍሎ ሳይገባ ለቀረ ሰው የወጣ ነው። ገብቶ፣ ሁለት ዓመት ኖሮ፣ ወር በወር ከፍሎ፣ ቁልፍ አስረክቦ የሚወጣ ሰው ውሉን ፈጽሟል። እሱን የሚመለከተው ሁለተኛው አንቀጽ ነው፦ ይመለሳል ወይም ይታሰባል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ይኸው ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ሲናገር፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ኪራይ የሚከፈለው ጊዜው ሲያልቅ ነው፤ የዓመት ውል ከሆነ በየሦስት ወሩ መጨረሻ፣ ካልሆነም በየወሩ መጨረሻ። በመጨረሻ! ለክፍል ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ቅድሚያ መክፈል የተፈጥሮ ሕግ የሚመስለን የሌላ ዓይነት ዓለም ስላላየን ነው።

ታዲያ ይሄ ልማድ ከየት መጣ?

አቃቂ የኪራይ ቤት አገር ነች። ባቡሩ በዚህ አልፎ ነው በ1909 አዲስ አበባ የገባው። በኋላ ከህንድ ባለሀብቶች ጋር የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጣ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ፋብሪካ ባለበት ሠራተኛ አለ፣ ሠራተኛ ባለበት ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ የተደረደሩ የጭቃ ክፍሎች አሉ። የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ እንደምሰማው፣ ባለቤትየዋ እዚያው ግቢ ይኖራሉ፣ ኪራይ የሚሰበስቡት የፋብሪካው ደመወዝ ወጥቶ ቡና ሲፈላ ነው። ያ ዓለም ሐምሌ 19 ቀን 1967 አበቃ።

አዋጅ ቁጥር 47/1967። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው። ብዙዎቻችን «ትርፍ ቤት የተወረሰበት» ብለን እናልፈዋለን፣ ለተከራዩ ግን ሌላም ነገር ነበረበት። በወር እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶች ኪራያቸው ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። እስከ 100 ብር የሚከራዩት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተወሰነ፣ ግለሰብ ቤት ማከራየትም ተከለከለ። አከራይ የሚባል ጎረቤት በአንድ ቀን ከሕግ ጠፋ።

የተወረሰባቸው ሰዎች በደል አለ፣ ያንን አልክድም፤ ከተማሪዎቼ መካከል አያቶቻቸው በዚያ የተጎዱ ነበሩ፣ ክፍል ውስጥም በጉዳዩ ተከራክረናል። ዛሬ የምፈልገው ግን ሌላ ውጤቱን ነው። ከ1967 እስከ 1983 አንድ ሙሉ ትውልድ ያለ ግል አከራይ አደገ። በሥርዓቱ የኋለኛ ዓመታት «ደባል» ማስገባት እስኪፈቀድ ድረስ የነበረው ሁሉ በዘመድና በእንግዳ ስም የሚደረግ፣ ሳይጻፍ የሚኖርበት ነገር ነበር። ወረቀት አይጻፍም፤ መጻፍ ራስን ማጋለጥ ነው።

የኔ አስተያየት ይሄ ነው፤ የማይስማማ ይከራከረኝ። ከ1983 በኋላ የግል ኪራይ ሲመለስ አሮጌው ልማድ አብሮት አልተመለሰም። ወር በወር፣ ቡና እየተጠጣ፣ ጎረቤት እየመሰከረ የሚሰጠው ኪራይ ተረስቷል። አዲሱን ልማድ የጻፉት ደላላና ገበያ ናቸው። «የሦስት ወር ቅድሚያ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ» የሚለው ቋንቋ ከየትኛውም አንቀጽ የመጣ አይደለም፣ ከደላላ አፍ ነው የመጣው። ደላላ ደግሞ የሚፈልገው ብሩ ዛሬ እጅ እንዲገባ ነው፤ ሲወጡ ምን እንደሚሆን የሱ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ስንት እንደሚገባ ለፍልፎ ይነግራችኋል፣ እንዴት እንደሚወጣ ግን አንድ ቃል የለውም።

ከዚያ ኮንዶሚኒየሙ መጣ። በኛ ክፍለ ከተማ ያለውን ታዩታላችሁ፦ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ሜዳውን የሞላው ሁሉ። በግቢ ቤት ጊዜ አከራይህን ጠዋት ጠዋት ታያቸዋለህ፣ ልጅህ ሲታመም ይጠይቁሃል፣ በዕድር ትገናኛላችሁ። ብርህን ቢበሉህ የት ይሄዳሉ? በኮንዶሚኒየም ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱን አታውቀውም። ባለቤቱ ሌላ ክፍለ ከተማ ነው፣ ወይ ዱባይ ነው፣ ወይ ዋሽንግተን ነው። ቁልፍ የሚሰጥህ የባለቤቱ እህት ባል ነው። አከራዩም በበኩሉ አያውቅህም፤ መብራትና ውኃ ሳይከፍል ቢጠፋስ፣ በሩን ነቅሎ ቢሄድስ ይላል። ፍርሃቱ እውነት አለው፣ እንደዚያ ያደረገ ተከራይም አውቃለሁ። ስለዚህ ሁለቱም የማይተዋወቁበት ቦታ ላይ መተማመኛ ሆኖ የቆመው ያ ብር ነው። ሥራው የመያዣ ሥራ ሆነ፣ ስሙ ግን «ቅድሚያ» እንደሆነ ቀረ።

እዚህ ላይ የራሴንም ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበርኩበት ቤት ስወጣ አከራዬ የሁለት ወሩን ቅድሚያ «ለቀለም» ብለው ያዙት። ስገባም ቀለም አልነበረውም። ስማቸውንም ብሎኩንም አልጠራም፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሸኘኋቸው ሽማግሌ ከኛ ብሎክ ዕድር ነው፤ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጋሼ ብዬ የምጠራቸው። ቁጭ ብለው አከራዬን አንድ ጥያቄ ጠየቁልኝ፦ «እንግዲህ ይሄ ገንዘብ ኪራይ ነው ወይስ መያዣ?» «ኪራይ ነው፣ ቅድሚያ» አሉ። «ኪራይ ከሆነ የየትኛው ወር ኪራይ ነው?» ዝም አሉ። ወር በወር የከፈልኩበት የባንክ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ያልተከፈለ ወር የለም። «እሺ መያዣ ነው እንበል» አሉ ሽማግሌው፣ «መያዣ ከሆነ የተሰበረው ምንድን ነው?» አንድ የተሰነጠቀ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ነበር፣ እሱን ከፈልኩ። የቀረው ተመለሰ።

የእኚህ ሰው ጥያቄ ከማውቀው የሕግ ትንታኔ ሁሉ በለጠብኝ። አስቡት እስቲ። ቅድሚያ ከሆነ ኪራይ ነው፤ የኖርክበት ወር ይታሰብበታል፣ ያልኖርክበት የአንተ ነው። መያዣ ከሆነ የጎደለው ተቀንሶ ይመለሳል፤ ያውም በአግባቡ ሲኖሩበት ያረጀ ግድግዳ ጉድለት አይባልም። ቀብድ ከሆነ ውሉ ሲፈጸም ይመለሳል ወይም ይታሰባል። በሦስቱም ስሞች ብሩ ወይ ይቆጠራል ወይ ይመለሳል። አከራዩ ጋር የሚቀረው ሦስቱን ስሞች እያፈራረቀ ሲጠራቸው ነው።

ሽማግሌ ባይኖርስ? ይሄም ታሪክ አለው። የ1967ቱ አዋጅ ቀበሌን ሲያቋቁም ፍርድ ሸንጎም አብሮ አቋቁሟል፤ የከተማ ቦታና ቤት ጉዳይ ይታይበት ነበር። በኋላ በአዲስ አበባ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች መጡ፤ በ1995ቱ የከተማዋ ቻርተር እስከ 5,000 ብር ያለ የገንዘብ ክርክር እንዲያዩ ሥልጣን ተሰጣቸው። በ1995 አምስት ሺህ ብር የስንት ወር ኪራይ እንደነበር ትልልቆቹ ታስታውሱታላችሁ፤ ያኔ የአንድ ሰርቪስ ቤት ቅድሚያ ከነትራፊው ይገባበታል። ኪራዩ ወጣ፣ ያ ወሰን ግን በቻርተሩ ላይ እንደተጻፈ ቆመ። ስለዚህ በእግር የሚደረስበት፣ ጠበቃ የማይፈልገው ዳኛ ቀስ በቀስ ከተከራዩ ብር በታች ቀረ። ለ15,000 ብር መደበኛ ፍርድ ቤት መመላለስ ለደመወዝተኛ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ፈቃድ የሚጠየቅበትን ቀን ቁጠሩት። አብዛኛው ሰው «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። ያ የተተወ ብር ተደምሮ በከተማው ስንት እንደሚሆን አስቡት።

መንግሥት ወደ ኪራይ ጉዳይ የተመለሰው ከ45 ዓመት በኋላ፣ በኮሮና ጊዜ ነው። በ2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመርን ከለከለ። በ2014 ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ተመሳሳይ ክልከላ አወጣ፣ ጊዜውንም ደጋግሞ አራዘመው። ሁለቱም ስለ ወርኃዊው ኪራይ ነበሩ። በሰፈሬ ያየሁት፣ ኪራይ መጨመር ያልቻለ አንዳንድ አከራይ ለአዲስ ተከራይ የሚጠይቀውን ቅድሚያ ነው ያስረዘመው። ውኃን በአንድ በኩል ስትገድበው በሌላ በኩል ይወጣል።

ከዚያ በመጋቢት 2016 አዋጅ ቁጥር 1320 ጸደቀ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ። ዋና ዋናውን ታውቁታላችሁ፦ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል። እና ለዛሬው ርዕሳችን ዋናው፦ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም።

ለዚህ አዋጅ አጨብጫለሁ፣ አሁንም አጨበጭባለሁ። ውሉ ወረዳ ቤቶች ጽሕፈት ቤት መመዝገቡና ክፍያው በባንክ መሆኑ ብቻ እንኳ ከላይ ያነሣሁትን «ሳይጻፍ የሚኖርበት» ዘመን ለመዝጋት ትልቅ እርምጃ ነው። ሕጉ የመረጠው ስም ግን የደላላውን ነው፦ «ቅድሚያ ክፍያ»። ስንት እንደሚሆን ወሰነ። ሲወጡ ማን ጋር፣ በስንት ቀን፣ በምን ማስረጃ እንደሚመለስ ግን እንደ ሌሎች አገሮች ዘርዝሮ አልሄደበትም፤ ብሩን ሦስተኛ ወገን ይያዘው የሚልም ነገር የለውም።

ለንደን ያላችሁ ወዳጆች ይሄን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለመደበኛ የግል ኪራይ የሚያዝ መያዣ በታወቀ የጥበቃ ሥርዓት ሥር መግባት አለበት፤ አሁን ባለው ደንብ በ30 ቀን ውስጥ ያላስገባ አከራይ የገንዘቡን ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ ለተከራዩ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። ክርክር ቢነሣ አከራዩ የጎደለውን ያስረዳል። ከ2019 ወዲህ ደግሞ መጠኑ ለአብዛኛው ቤት ከአምስት ሳምንት ኪራይ አይበልጥም። እነሱም በአንድ ቀን አልደረሱበትም፣ ለብዙ ዓመታት እንደኛው ሲጨቃጨቁ ነበር። የለወጡት ትልቁ ነገር ብሩ በክርክሩ ጊዜ ማን ጋር እንደሚቆም መወሰናቸው ነው። ወለድ አገድ የነበረው ገበሬ ያለ አዋጅ የሚያውቀው ነገር ነው እኮ!

እኛ ጋ እስከዚያው ድረስ ያለው መሣሪያ የ1952ቱ ሕግ ነው፣ ቀላልም አይደለም። ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በአንድ ላይ ልመልስ። ስትገቡ ውሉ ላይ የብሩን ስም አስጽፉ፤ «ቅድሚያ ክፍያ፣ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ኪራይ የሚታሰብ» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። መያዣ ነው ካሉም «መያዣ፣ ቤቱ ሲመለስ ጉድለት ካለ ተቀንሶ የሚመለስ» ትባል። ብሩን በእጅ አትስጡ፣ በባንክ ላኩና ምክንያቱን ጻፉበት። ገብታችሁ ግድግዳውን፣ ቧንቧውን፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ስትወጡም እንደዚያው። አልመልስም ካሉ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፤ ሕጉ ክስ ከመምጣቱ በፊት ባለዕዳው እንዲጠየቅ ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላም ሕጋዊ ወለዱ በዓመት 9 በመቶ ነው። ከውል የሚመነጭ መብት በጠቅላላው ደንብ 10 ዓመት ይቆያል። ማለትም ባለፈው ክረምት «ለእግዜር የሰጣችሁት» ብር ገና የእናንተ ነው። ግን መጀመሪያ ሽማግሌ ላኩ። ጋሼ የጠየቁትን ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፦ ኪራይ ነው ወይስ መያዣ?

አከራይ የሆናችሁ ተማሪዎቼም እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ደግሞም ደስ ይለኛል። ይቺኑ መስመር እናንተም ውላችሁ ላይ ጨምሯት፤ በሩን ነቅሎ ከሚሄደው ተከራይም የምትጠብቃችሁ እሷ ናት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልሰናበት። ከ1967 በፊት አቃቂ ወይም ቃሊቲ ቤት የተከራዩ ወላጅ፣ አያት ወይም ጎረቤት ያላችሁ፣ ቤት ሲገቡ አስቀድመው የሚሰጡት ነገር ነበር ወይ? ከነበረ ምን ብለው ይጠሩት ነበር? የድሮ የኪራይ ወረቀት ያለው ሰው ካለ ስሞቹን ሸፍኖ ፎቶውን በውስጥ መስመር ይላክልኝ። ለመስከረም ለ11ኛ ክፍሎች ላሳያቸው እፈልጋለሁ።